የሰሊጥ ነጋዴና የካላዛር መድኃኒት ሙከራ

የናሙናን ጥቅም ከነጋዴ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሰሊጥ ወደ ውጭ አገር የሚልክ ሰው ዕቃው በዓለም ገበያ የታወቀና የተመሰገነ ቢሆንም እንኳ ገዢው ናሙናውን ሳያይ ውል እንደማይፈርም ያውቃል። የዓምናው የምርመራ ወረቀት ለዘንድሮው ጭነት አያገለግልም፤ የአንዱ ወረዳ ሰሊጥ ንጹሕ ሆኖ መገኘቱም ለሌላው ወረዳ ሰሊጥ ማስረጃ አይሆንም። ይህ ደንብ በዕቃው ላይ ሲፈጸም ነጋዴው ቅር አይለውም፤ እንዲያውም መተማመን የሚጸናው በዚህ ነው ይላል። ዳሩ ግን ሰሊጡን አርሞና አጭዶ ለጆንያ የሚያበቃው የቀን ሠራተኛ በታመመ ጊዜ በሚሰጠው መድኃኒት ላይ ይኸው ደንብ እንዴት እንደሚሠራ ጠይቆ የተረዳ ላኪ ጥቂት ነው። ነገሩ ግን የሐኪሞች ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም፤ የላኪውም፥ የአስመጪውም፥ የባለሱቁም ድርሻ አለበት።

በሁመራ፥ በመተማና በአብድራፊ ቆላ በየዓመቱ ለዘር፥ ለአረምና ለአጨዳ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ከደጋው ይወርዳል። አብዛኞቹ ወጣት ወንዶች ናቸው። ቤት የላቸውምና በእርሻው ዳር፥ በግራር ዛፍ ሥር ወይም በተሰነጣጠቀው ጥቁር ዋልካ መሬት ላይ ያድራሉ። ከትንኝ የምታንሰው የአሸዋ ዝንብ የምትራባውም በዚሁ በመሬቱ ስንጥቅና በዛፎቹ አካባቢ ነው። ይህች ዝንብ ስትነክስ ሌሽማንያ የሚባለውን ጥገኛ ተሐዋሲ በሰው ሰውነት ውስጥ ትጨምራለች። ከዚያ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ የማይለቅ ትኩሳት ይነሣል፤ ሰውነት ይመነምናል፤ ጣፊያና ጕበት ያብጡና ሆድ ይነፋል፤ ደምም ያንሳል። ካላዛር የሚባለው በሽታ ይህ ነው። ሕክምና ካላገኙት 100 በሽተኞች ከ95 የሚበልጡት ይሞታሉ። የደጋው ልጅ በሽታውን ከዚያ በፊት ስለማያውቀው ሰውነቱ ከቆላው ተወላጅ ይልቅ በቶሎ ይሸነፋል።

እዚህ ላይ አሠሪዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። በሽታው የሚገለጠው ብዙ ጊዜ ሠራተኛው ሂሳቡን ተቀብሎ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። በደጋው ጤና ጣቢያ ደግሞ ትኩሳቱን ወባ ነው፥ ታይፎይድ ነው እያሉ ብዙ ሳምንት ሊያሳልፉት ይችላሉ። ስለዚህ ባለእርሻው ሠራተኛው ሲታመምም ሆነ ሲሞት በዓይኑ አያይም፤ በመዝገቡ የሚቀረው «ሂሳቡን ጨርሶ ሄደ» የሚለው ብቻ ነው። በሰሊጥ የወጪ ሂሳብ ውስጥ ይህ ኪሳራ የማይታየውም ስለዚህ ነው እንጂ ኪሳራው ሳይኖር ቀርቶ አይደለም።

ለዚህ በሽታ ከመቶ ዓመት የማያንስ ዕድሜ ያለው ሕክምና አለ። ይኸውም በጥንት ዘመን ለዓይን ኩል ይሆን ከነበረው ከአንቲሞኒ ማዕድን የሚቀመም መርፌ ነው። በ1920ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ የሚነሣው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በካልካታ የሕንዱ ሐኪም ዑፔንድራናት ብራሕማቻሪ ከዚህ ማዕድን የሠሩት መድኃኒት ብዙ ነፍስ አድኗል። ከዚያም የተሻሻለው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት በምሥራቅ አፍሪካ ሆስፒታሎች ሲሠራበት ኖሯል። መርፌው ግን በየቀኑ ለ30 ቀን የሚወጋ ነው፤ ልብንና ቆሽትን የሚጎዳበት ጊዜ አለ፤ አንዳንዱንም በሽተኛ ከካላዛሩ አድኖ በመድኃኒቱ ጠንቅ ይገድለዋል። ኤች አይ ቪ በደሙ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ አደጋው የበረታ ነው። ለቀን ሠራተኛ 30 ቀን ሆስፒታል መተኛት ማለት አንድ የአጨዳ ወራት ባዶ ኪስ መቅረት መሆኑ ሳይረሳ ነው።

የነገሩ ልብ የሚገኘው ከዚህ በኋላ ባለው ታሪክ ነው። በ1950ዎቹ በአሜሪካና በኢጣሊያ የመድኃኒት ፋብሪካዎች ከአፈር ረቂቅ ነፍሳት አንድ አዲስ አንቲባዮቲክ አወጡ። ስሙ ፓሮሞማይሲን ነው፤ ብዙ ሰው በሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትነቱ ለሚያውቀው ለስትሬፕቶማይሲን የቅርብ ዘመድ ነው። አንቲባዮቲክ ማለት በመሠረቱ ባክቴሪያን ለመግደል የተሰናዳ መድኃኒት ሲሆን ይህኛው አሜባን በመሳሰሉ የአንጀት ጥገኞች ላይም ስለሠራ ለዚያ ተሸጠ። ሌሽማንያን እንደሚገድል በ1960ዎቹ ታወቀ። ይሁን እንጂ ከታወቀ በኋላ ለካላዛር በሽተኛ የሚሆን የተፈቀደ መርፌ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ወደ 40 ዓመት ገደማ አለፈ።

ይህ መዘግየት የመጣው ከማን ጥፋት ነው? ብዙ ሰው የፋብሪካዎቹን ስግብግብነት ያነሣል። ነጋዴ ግን ፍርዱን እንዲህ በቀላሉ ሊሰጥ አይገባውም፤ ራሱም ቢሆን ገዢው ገንዘብ በሌለው ገበያ ውስጥ ዕቃ አያራግፍም። አሮጌ መድኃኒትን ለአዲስ በሽታ ለማስፈቀድ በመቶ በሚቆጠሩ በሽተኞች ላይ በጥንቃቄ መሞከር፥ ውጤቱን መመዝገብና ለመንግሥት መርማሪዎች ማቅረብ ያስፈልጋል። ወጪው ብዙ ነው። የፈጠራ መብቱ ያለፈበትን መድኃኒት ግን ማንም ፋብሪካ ሊሠራውና ሊሸጠው ስለሚችል፥ ሙከራውን የከፈለው ሰው ወጪውን የሚመልስበት መንገድ የለውም። በሽተኛው ድኃ፥ መድኃኒቱ ባለቤት አልባ፥ ሙከራው ውድ ሲሆን የንግድ ሚዛን ብቻውን ነገሩን ከመጋዘን አያወጣውም። ስግብግብነት ባይኖርም እንኳ መድኃኒቱ በመደርደሪያ ላይ ይቀር ነበር።

ከመደርደሪያው ያወረደው አንድ ለየት ያለ ድርጅት ነው። በ2000 በሳን ፍራንሲስኮ ቪክቶሪያ ሄል የተባሉ የመድኃኒት ሊቅ ትርፍ የማይከፋፈል የመድኃኒት ማኅበር አቋቋሙ፤ ማኅበሩ ዋን ወርልድ ሄልዝ ይባል ነበር። በጌትስ የበጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ እየተረዳ በሕንድ በቢሃር ግዛት ፓሮሞማይሲንን በ667 በሽተኞች መካከል ከሌላ መድኃኒት ጋር አነጻጽሮ ሞከረው። ፓሮሞማይሲን ለ21 ቀን ከተወጉት ከመቶው 94.6 እጅ የሚሆኑት ዳኑ። የሕንድ መንግሥት በ2006 ፈቀደው፤ በሃይደራባድ የሚገኘው ግላንድ ፋርማ የተባለ ፋብሪካ እንዲያመርተው ተደረገ፤ ለአንድ በሽተኛ የሚበቃውም መድኃኒት ወደ 10 የአሜሪካ ዶላር ገደማ እንደሚሆን ተነገረ። ነጋዴ የሆነ ሰው ይህን ዋጋ ሲያይ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ዕቃው አለ፤ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ምስክር ወረቀቱ ተሰጥቷል፤ የቀረው ማስጫን ብቻ ነው ይላል።

ሳይሞከር ተጭኖ ቢሆን ኖሮ ግን ብዙ ሰው ይሞት ነበር። በሽታውን ችላ የተባሉ ደዌዎች መድኃኒት ለማግኘት በ2003 የተቋቋመው ዲ ኤን ዲ አይ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅትና ከምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ሐኪሞች ጋር የመሠረተው ማኅበር ያንኑ መርፌ በዚያው መጠን ለ21 ቀን በሱዳን፥ በኬንያና በኢትዮጵያ ሞከሩት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አስራት ኃይሉና ባልደረቦቻቸው በ2010 ባወጡት ውጤት በስድስት ወር ፍጻሜ ድነው የተገኙት ከመቶ 63.8 እጅ ብቻ ነበሩ፤ በአሮጌው የአንቲሞኒ መርፌ የታከሙት ግን ከመቶ 92.2 እጅ ድነዋል። ከዚህም የሚያስገርመው ከቦታ ቦታ ያለው ልዩነት ነው። በሱዳን በሁለቱም የሙከራ ቦታዎች ከግማሽ የማይሞላው በሽተኛ ብቻ ሲድን በአርባ ምንጭ ግን ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ዳነ፤ ጎንደር በመካከሉ ሆነ። መድኃኒቱ አንድ፥ የፋብሪካው ማኅተም አንድ፥ የበሽታውም ስም አንድ ሲሆን በቢሃርና በአርባ ምንጭ ያዳነው መርፌ በሱዳን ቆላ አላዳነም።

የሁመራ አምራች በዚህ አይደነቅም፤ አንድ ዘር በሁለት መሬት ላይ እኩል እንደማያፈራ ያውቃልና። የሚያሳዝነው ግን የውጭ ምስክር ወረቀትን እንደ መጨረሻ ቃል የመቀበል ልማድ በንግዱም በመንግሥት መሥሪያ ቤቱም የጸና መሆኑ ነው። «በሌላ አገር ተፈቅዷል» የሚለው ቃል ብቻ እየታየ ዕቃ ይገዛል። ይህ ለጨርቅ ወይም ለሳሙና ቢሆን የሚያመጣው ጉዳት ብዙ አይደለም። የሰው ነፍስ ለሚያድን መርፌ ግን ሙከራው በሽተኛው ባለበት አገር፥ በእርሱው ተሐዋሲና በእርሱው ሰውነት ላይ ካልተደረገ ርካሽ የተባለው መድኃኒት ከሁሉ የተወደደ ሆኖ ይገኛል።

ሐኪሞቹ በዚህ ተስፋ አልቆረጡም። መጀመሪያ መጠኑን ከፍ አደረጉት፤ የሚድኑት ከመቶ ወደ 84 እጅ ደረሱ፤ እርሱም ቢሆን በቂ አልነበረም። ቀጥሎ ፓሮሞማይሲንንና አንቲሞኒውን አንድ ላይ ለ17 ቀን ሰጡ። ይህ አሳብ አዲስ አልነበረም፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ ሱዳን በላይኛው አባይ ምዕራብ ካላዛር ወረርሽኝ ሆኖ ሕዝቡን ሲፈጅ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ማኅበር ባልደረቦች ሠርተውበት ጥሩ ሆኖ አግኝተውት ነበር። አሁን ግን በበርካታ አገሮች በሥርዓት ተመዘነ፤ ከመቶ 91.4 እጅ ዳኑ፤ ይኸውም 30 ቀን ከሚፈጀው ሕክምና የማይተናነስ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት የሊቃውንት ጉባኤ በ2010 ለምሥራቅ አፍሪካ ይህንኑ የ17 ቀን ሕክምና በፊተኛ ደረጃ አጸደቀው። ከ30 ቀን ወደ 17 ቀን መውረዱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ለአንድ ቀን ሠራተኛ ግን የ13 ቀን ደመወዝ ነው፤ ለሆስፒታሉም በአንዱ አልጋ ላይ በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ሰው ከማከም ይልቅ ሦስት ሰው ማከም ነው።

አሮጌ አንቲባዮቲክን ለጥገኛ ተሐዋሲ በሽታ መሞከር በካላዛር ብቻ የተወሰነ አይደለም። በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው ዶክሲሳይክሊን ትል ይገድላል ብሎ ያሰበ ሰው ቀድሞ አልነበረም፤ እውነትም በቀጥታ ትሉን አይነካውም። ይሁን እንጂ ዓይነ ስውርነት የሚያመጣው የኦንኮሰርካ ትል በውስጡ ወልባኪያ የምትባል ባክቴሪያ ይዞ ይኖራል፤ ያለእርስዋ መራባት አይችልም። ጀርመናዊው ሐኪም አኪም ሄራውፍና ባልደረቦቻቸው በ2000 በጋና ባሳዩት ሙከራ ዶክሲሳይክሊን በየቀኑ ለስድስት ሳምንት ሲሰጥ ባክቴሪያይቱ ትጠፋለች፤ ሴቲቱም ትል መካን ትሆናለች። ጌታውን ለመጣል ሎሌውን እንደ መንሣት ያለ ብልሃት ነው። ነገር ግን ስድስት ሳምንት በየቀኑ ማስዋጥ ለአንድ መንደር ሕዝብ የማይቻል ስለሆነና ለእርጉዞችና ለትንንሽ ልጆችም ስለማይሰጥ፥ መድኃኒቱ ለተመረጡ በሽተኞች እንጂ ለብዙኃኑ አልዋለም። ሙከራ መድኃኒቱ የሚሠራ መሆኑን ብቻ ሳይሆን ለማንና የት እንደማይሆንም ይነግራል፤ ይህን የሚያህል ጥቅም የለውም።

በዚህ አጋጣሚ ለባለሱቆች አንድ ቃል መጨመር ያስፈልጋል። አሮጌ አንቲባዮቲክ አዲስ በሽታ አዳነ የሚል ወሬ ሲሰማ ቴትራሳይክሊኑንና ዶክሲሳይክሊኑን ከስኳርና ከክብሪት ጎን አስቀምጦ በፍሬ የሚቸረችር አይጠፋም። ይህ ሕግ የሚከለክለው ነው፤ ከሕጉም ይልቅ በሕሊና ዘንድ የከፋ ነው። ፓሮሞማይሲን የሚሰጠው በበሽተኛው ክብደት ልክ ተሰልቶ ነው፤ ካለልክ ከተሰጠ ጆሮን ያደነቍራል። ሌላውም አንቲባዮቲክ በጎደለ መጠን ሲወሰድ ባክቴሪያው ይለምደዋል፤ ነገ ለራሱ ለባለሱቁ ልጅ የሚፈለገው መድኃኒት ዛሬ በእርሱ መደርደሪያ ላይ ይበላሻል ማለት ነው። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ያለፈን ደንበኛ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ባለሱቁን አንድ ፍሬ ኪኒን ከመሸጥ በላይ ያስከብረዋል።

አሁን ወደ ላኪዎቹ ድርሻ እንመለስ ቢባል፥ ከላይ በተነገሩት ቍጥሮች ሁሉ ውስጥ አንድ የተደጋገመ ቃል አለ፤ «በስድስት ወር ፍጻሜ» የሚለው ነው። ካላዛር በሕክምናው ማብቂያ የጠፋ መስሎ ከጥቂት ወር በኋላ ሊመለስ ስለሚችል፥ በሽተኛው ዳነ የሚባለው ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ ሲመረመርና ተሐዋሲው ሳይገኝበት ሲቀር ነው። ሳይመለስ የቀረ ሰው ድኗል ተብሎ አይቈጠርም፤ ሞቷል ተብሎም በእርግጥ አይታወቅም። ብዙ ሰው ከጠፋ ሙከራው ዋጋ ያጣል፤ የወጣበት ገንዘብና የበሽተኞቹም ትዕግሥት በከንቱ ይቀራል። በሽተኞቹ ደግሞ የሰሊጥ ሠራተኞች ናቸው። አጨዳው ሲያልቅ አንዱ ወደ ሰቆጣ፥ አንዱ ወደ ደብረ ታቦር፥ አንዱ ወደ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል፤ ስልኩን ይሸጣል፤ ቍጥሩን ይለውጣል። ሐኪሙ የሚፈልገው ሰው የት እንዳለ የሚያውቅ ካለ ያመጣው ደላላ፥ የመዘገበው የእርሻ ጸሓፊና በሚቀጥለው ዓመት መልሶ የሚቀጥረው አሠሪ ነው። የጎንደሩ ሆስፒታል የሌለው መዝገብ በነጋዴው እጅ አለ።

ታዲያ ነጋዴው ይህን ለምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። የበሽታ ነገር የመንግሥት ነው፤ የመድኃኒት ሙከራም የውጭ አገር ርዳታ ሰጪዎች ሥራ ነው፤ ላኪው ግብሩን ከፍሏል ይላል። ግብር መክፈሉ እውነት ነው። ነገር ግን በሰው ርዳታ ላይ የተመሠረተ መድኃኒት እስከ መቼ እንደሚቆም ኤፍሎርኒቲን ከተባለው መድኃኒት ታሪክ መማር ይቻላል። ይህ አንቲባዮቲክ አይደለም፤ አስቀድሞ ለካንሰር የታሰበ ነበር፤ በኋላ ግን የአፍሪካን የእንቅልፍ በሽታ የሚያድን ሆኖ ተገኘ። ገዢ ስላልነበረው በ1995 ሥራው ተቋረጠ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የሴቶችን የፊት ጠጕር የሚቀንስ ቅባት ሆኖ በአሜሪካ ገበያ ሲወጣ መድኃኒቱን የሚሠራው ፋብሪካ ዳግመኛ ተንቀሳቀሰ፤ ከድንበር የለሽ ሐኪሞች ማኅበርና ከሌሎችም ግፊት የተነሣ በ2001 ለእንቅልፍ በሽተኞች በስጦታ እንዲመረት ስምምነት ተደረገ። የሰው ነፍስ ያላስመረተውን መድኃኒት ውበት አስመረተው። ርዳታ ሰጪዎችም ቢሆኑ ለዘለዓለም አይኖሩም፤ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታ ድርጅቱን በ2025 መዝጋቱ በሁሉም ዘንድ የታወቀ ነው።

ሌላም የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ እርሱ ከፊተኛው ይልቅ የሚከበር ነው። ድኃውን ሠራተኛ ለፈረንጅ መድኃኒት መሞከሪያ ማድረግ ነውር አይደለም ወይ ይባላል። ነውር የሚሆነው ሳይነገረውና ሳይፈቅድ ሲደረግ ነው። በእነዚህ ሙከራዎች በሽተኛው ነገሩ በሚያውቀው ቋንቋ ተነግሮት ፈቃዱን በፊርማው ወይም በጣቱ ይሰጣል፤ በማናቸውም ጊዜ መተው ይችላል፤ በሁለቱም ወገን የተመደበ በሽተኛ ሕክምና ያገኛል እንጂ ባዶ ውኃ አይወጋም። የአገሩ የምርመራ ሥነ ምግባር ጉባኤም አስቀድሞ ያጸድቀዋል። ስለዚህ አሠሪው ሠራተኛውን «ግባ» ወይም «አትግባ» ሊለው አይገባም፤ ይህ የበሽተኛውና የሐኪሙ ጉዳይ ነው። የአሠሪው ሥራ የገባው ሰው ተመልሶ እንዲመረመር መርዳት ነው። ያለ ሙከራ የሚሰጥ መድኃኒት ደግሞ ራሱ ሙከራ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም፤ ልዩነቱ ውጤቱን የሚጽፍ ሰው አለመኖሩ ብቻ ነው።

አስመጪዎችም ድርሻ አላቸው። የፓሮሞማይሲንን መርፌ የሚፈልገው ገበያ ጠባብ ስለሆነ ፋብሪካው በየጊዜው አያመርትም፤ ትእዛዙ ካልተሰበሰበ ሥራው አይጀመርም። ትእዛዝ ዘግይቶ፥ የውጭ ምንዛሪ ፈቃድ ዘግይቶ፥ ጉምሩክም ላይ ዘግይቶ የመጣ መድኃኒት በወረርሽኝ ጊዜ እንዳልመጣ ነው። መድኃኒት በማስመጣት የሚተዳደሩት ነጋዴዎች ከሌላው ትርፋማ ዕቃቸው ጋር የእነዚህን ትርፍ የሌላቸው መድኃኒቶች ማጓጓዝና የጉምሩክ ሥርዓት በነጻ ቢያስፈጽሙ ለንግድ ስማቸው ከብዙ ማስታወቂያ የበለጠ ይጠቅማል። የንግድ ምክር ቤቱም ይህን አሳብ በስብሰባው ቢያነሣው መልካም ነው።

ሙከራው ደግሞ አላለቀም። በኢትዮጵያ፥ በሱዳን፥ በኬንያና በኡጋንዳ 439 በሽተኞች የገቡበት ሌላ ሙከራ ፓሮሞማይሲንን ከአንቲሞኒው ለይቶ ሚልቴፎሲን ከተባለው የሚዋጥ መድኃኒት ጋር ለ14 ቀን ሰጥቶ፥ በስድስት ወር ፍጻሜ ከመቶ 91.2 እጅ መዳናቸውን አሳይቷል። በቀን ሁለት የነበረው መርፌ አንድ ሆነ ማለት ነው፤ ልብ የሚጎዳውም አንቲሞኒ ቀረ ማለት ነው። ሚልቴፎሲን ግን ጽንስን ስለሚጎዳ ለእርጉዝ አይሰጥም፤ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸውም የሚታከሙት በሌላ ዓይነት ነው፤ በሰሊጡ ቆላ ደግሞ የእነዚህ ቍጥር ጥቂት አልነበረም። እንግዲህ ገና ብዙ የሚመዘን ነገር አለ፤ የሚመዘነውም በዚሁ ቆላ በሚሠሩ ሰዎች ላይ ነው።

በየእርሻው የቀን ሠራተኛ የሚመዘገብበት ቅጽ ብዙ ጊዜ ስም፥ የሥራ ቀንና የሚከፈል ሂሳብ ብቻ ነው ያለው። በእርሱ ላይ ሁለት መደብ ቢጨመር ይበቃል፤ አንደኛው የሠራተኛው የትውልድ ወረዳና ቀበሌ፥ ሁለተኛው ስልኩን ቢለውጥ እንኳ የሚያገኘው የአንድ ዘመዱ ስልክ ቍጥር ነው። ሠራተኛው ሂሳቡን ሲቀበል ደግሞ ትኩሳት ከሁለት ሳምንት በላይ ከያዘው በቆላ ሠርቶ መምጣቱን ለሐኪሙ እንዲናገር የሚያስታውስ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይሰጠው፤ ማንበብ ለማይችለውም ጸሓፊው ያንብብለት። ላኪዎች ከሚጭኑት ሰሊጥ በኩንታል 1 ብር ቢያዋጡ ለስድስት ወሩ ምርመራ ለሚመለሱት የመኪና ኪራይ ይሆናል። መዝገቡ የሠራተኛው ምሥጢር ስለሆነ ከራሱ ፈቃድ በቀር ለማንም አይሰጥም፤ ሆስፒታሉ የጠፋ በሽተኛ ሲፈልግ ጸሓፊው ራሱ ደውሎ ይጠይቅለታል። ለሚመጣው ክረምት የሚሆነው ቅጽ ከመታተሙ በፊት ሁለቱን መደብ ማስገባት ለማተሚያ ቤቱ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።